ሰዓቷን ላስተካክል ብዬ

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሰዓት ነው። በላፕቶፔ ስክሪን ላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ የጤፍ ፍሬ በሚያካክሉ ቁጥሮች በምትቀመጠው ሰዓት። ከኮምፒውተር ጋር ከተዋወቅኩ ሃያ ምናምን ዓመት ይሆነኛል፤ ያን ሁሉ ዓመት ያችን ጥግ ባየሁ ቁጥር ስድስት ስቀንስ ኖሬያለሁ። 9:00 ካለች 3 ሰዓት ናት። 14:00 ካለች 8 ናት። 2:00 ካለች ከሁለት ላይ ስድስት ስለማይነሳ መደመር ይመጣል፤ ግን በዚያ ሰዓት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ቀድሞውንም መተኛት ነበረበት።

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «ስንት ሰዓት ሆነ?» ስትለኝ ቶሎ አልመልስም። መልሴን ከሰማች በኋላም አታምነኝም። «ስድስቱን ቀንሰህ ነው ወይስ ሳትቀንስ?» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ በእኔ ሰዓት ተማምና ወጥ አሳርራለች፤ ስለዚህ መብቷ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ከወጥ አለፈ። አንድ ጽሑፍ ስጽፍ አድሬ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ቀና ብዬ ሳይ ጥጓ 10:00 ትላለች። አዘጋጁ ደግሞ «ገጹ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ብሎኝ ነበር። ደነገጥኩ። ጭራ የሌለውን ጽሑፍ እንዳለ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ቸኮሉ? ገና ጠዋት 4 ሰዓት እኮ ነው። ደግሞስ መጨረሻው የታለ?»

ስልኩን እንደዘጋሁ ወሰንኩ። ይቺ ሰዓት ወይ አበሻ ትሆናለች ወይ ትወርዳለች።

ስለ ማሽኗ ትንሽ ልበል። አሮጌ ናት፣ ሜሞሪዋ 4 ጊጋ ነው፣ ባትሪዋ ከሶኬት ከተነቀለች ዳዊት ለመድገም እንኳ አትበቃም። የእህቴ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ከመሄዷ በፊት ሊኑክስ ጫነችልኝ፤ ዙቡንቱ የሚባለውን። ዙቡንቱ ማለት ኡቡንቱ ነው፣ ልብሱን የቀየረ። ሊኑክስ ላይ እኮ የምናየው ስክሪን፣ ማለትም መደቡና መስኮቱ፣ ሜኑውና ሰዓቱ፣ ከላይ የሚደረብ ልብስ ነው። ኬዲኢ የሚባለው ልብስ መሰፋት የጀመረው በፈረንጅ 1996 ነው፣ ኖም የሚባለው በዓመቱ፤ የእኔው ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ ከኬዲኢ ጋር እኩያ ነው፣ ዓርማውም አይጥ ናት። ቀለል ያለ ስለሆነ ለአሮጌ ማሽን ይመከራል። ውስጡ ያው ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጅ 1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ነገር ነው።

ኡቡንቱን እኔ ቀድሞም አውቀው ነበር። በነፃ ሲዲ ወደ ዓለም ሁሉ በፖስታ ይልኩ በነበረበት ዘመን አንድ ባልደረባዬ አስልኮ ከፖስታ ሣጥኑ አምስት ሲዲ አወጣ። አንዱን ሰጠኝ። ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም፤ የአንድ ታክሲ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሲያብረቀርቅ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት።

ወደ ሰዓቷ ልመለስ። የመጀመሪያው ዘዴዬ የገበሬ ዘዴ ነበር፤ ሰዓቱን በእጄ 6 ሰዓት ወደኋላ መለስኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ወደፊት ዘለለ። ለካ ማሽኗ ኢንተርኔት ባገኘች ቁጥር ትክክለኛውን ሰዓት ትጠይቃለች። መጠየቋን ከለከልኳት። ሁለት ቀን በሰላም አለፈ፤ 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ለባለቤቴም አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ዝማኔ ላውርድ ብል ማሽኗ እምቢ አለች። የዝማኔው ዝርዝር ገና አልጸናም፣ የሚጸናው ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው ትላለች። ዝርዝሩ ላይ የወጣበት ጊዜ ተጽፎበታል፤ የእኔዋ ማሽን ደግሞ ወደኋላ ቀርታለች። ቀኑ ገና ያልደረሰ ደብዳቤ እንደመጣለት ሰው ግራ ተጋብታ ቁጭ አለች።

ይህን በትእዛዝ መስኮቱ በኩል ላስተካክል ብዬ የአለቃ ፈቃድ የምትጠይቀዋን ቃል ጻፍኩ። ኪቦርዱ ለካ አማርኛ ላይ ነበር፤ በላቲን ልትወጣ የሚገባት ቃል «ሱዶ» ሆና ቁጭ አለች። ማሽኗም «ሱዶ» የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለችኝ። እኔም አላውቅም።

ሰዓቱን ወደነበረበት መልሼ ሌላ መንገድ ፍለጋ የፓኔሉን ማስተካከያ ከፈትኩ። ፓኔል ማለት ያ ከላይ የተዘረጋው፣ ሜኑውንም ሰዓቱንም የተሸከመው ዘንግ ነው። እዚያ ገብቼ ሰዓቷን ብቻ ነክቼ ብወጣ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን ማስተካከያው ውስጥ «ጨምር» የሚል አለ። ጨመርኩ። ሁለተኛ ፓኔል ከታች መጣ። አማረብኝ። ከዚያ የአይኮኖቹን መልክ ቀየርኩ። ከዚያ የመስኮቶቹን ጠርዝ። ከዚያ ሁሉንም በከፊል የሚያሳይ፣ እንደ ነጠላ የሳሳ አደረግኩት። ሰው ቤቱን ቀለም ልቀባ ብሎ ሲጀምር ግድግዳ ማፍረሱ አይቀርም። ረቡዕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሁለቱ ፓኔሎች በዙብኝና አንዱን ልሰርዝ ፈለግኩ። ማሽኗ ጠየቀችኝ፤ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

የሰረዝኩት የላይኛውን ነበር።

ሜኑዬ፣ ሰዓቴ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መቀየሪያዬ ሁሉ አብረው ሄዱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ እሷ ቢያንስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብተኛ አሁንም መልካም ነበር። መደቡን በቀኝ ስጫን ግን ሜኑ ይመጣል፤ ይህ ተስፋ ሰጠኝ። እየነካካሁ ስሄድ በዚያ ሰዓት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። ስማቸው የማይነበብ፣ ማን እንደጋበዛቸው የማላውቃቸው እንግዶች። 4 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ሰው እንግዳ አይወድም። አንዱን መረጥኩና «አስወጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኗ አሁንም ለመነችኝ፤ ይህ ፕሮግራም በሚቀጥለው ጊዜም አይነሣም፣ እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ነኝ! በዚያ ሌሊት እንደ እኔ እርግጠኛ የሆነ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። «አሁን ያለውን ሁኔታ አስቀምጥ» የሚልም ስላየሁ፣ ለጥንቃቄ ብዬ እሱንም ተጫንኩ።

ያባረርኩት የመስኮቶችን አስተዳዳሪ ነበር። መስኮት ሁሉ ጠርዙ፣ ርእሱ፣ መዝጊያዋ ጭረት ጠፋች። አንዱ በአንዱ ላይ በግራ ጥግ ተከመሩ። ማንቀሳቀስ የለ፣ መዝጋት የለ። ብጽፍ ጽሑፉ የትም አይደርስም። ማሽኗን ማጥፊያውን ቁልፍ ይዤ አፈንኳት፤ ጠዋት ስከፍታት ያው ናት፤ ክምሩ እንኳ በቦታው ነው። «አስቀምጥ» ብዬ የለ? አስቀምጣለች።

የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አክባሪም ነው። ላፕቶፗን ከፍቶ ለአሥር ሰከንድ ያህል አያት።

«ጋሼ፣ ፎርማት ነው የሚሻልዎት።»

የታመመ ኮምፒውተር ይዞ የሄደ የከተማችን ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ስክሪን ጠቆረ? ፎርማት። ፍላሽ ቫይረስ አመጣ? ፎርማት። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈሰሰ? መጀመሪያ ፎርማት እናድርገውና እንየው። ራስ ምታት ይዞ የሄደን ሰው አንገቱን ቆርጦ ሌላ እንደመግጠም ነው። ደግሞ መድኃኒቱ ያድናል፤ ያ ነው ክፋቱ።

«ውስጧ የአሥራ አንድ ዓመት ጽሑፍ አለ» አልኩት።

«ባክአፕ አላደረጉም?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ጸሐፊ እስካሁን አላየሁም። ላፕቶፗን ታቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ልብሱ ሁሉ፣ ማለትም የፓኔሉ ቦታ፣ የአይኮኑ መልክ፣ የነካካሁት ሁሉ፣ ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ፎልደሮች ውስጥ ይቀመጣል። በነጥብ የሚጀምር ደግሞ አይታይም። ይህች ነጥብ የራሷ ታሪክ አላት። ሮብ ፓይክ የተባለው የዩኒክስ አንጋፋ እንደተረከው፣ በጥንት ዘመን ፎልደር የሚዘረዝረውን ፕሮግራም የጻፈ ሰው «ራስህ» እና «አባትህ» የሚሉትን ሁለት ምልክቶች፣ ማለትም አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብን፣ ከዝርዝሩ ሊያስቀር ፈለገ፤ ለማሳጠር ብሎ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ «ነጥብ ከሆነች ዝለላት» አለ። በዚህች አቋራጭ ምክንያት ነጥብ የለበሰ ሁሉ ተሰወረ። ያ ስሕተት ልማድ ሆነ፣ ልማዱ ሥርዓት ሆነ፣ ዛሬ የእኔ ጉድ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

የተደበቁትን አሳይ የሚለውን በማውዝ ተጫንኩ። ፎልደሯን አገኘኋት። ወደ ቆሻሻ ጣልኳት። ኩራት ተሰማኝ። ወጥቼ ገባሁ። ክምሩ እዚያው! ፎልደሯም ተመልሳ ቁጭ ብላለች። ሳር እንኳ እንዲህ አይበቅልም።

ባሕር ዳር ደወልኩ።

የእህቴ ልጅ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። አልሳቀችም፤ ወይም ስልኩን አርቃ ስቃለች። «ጋሼ፣ ፋይሉን ስታጠፋው የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ገና እየሠራ ነበር» አለችኝ። «ቅንብሩን በቃሉ ይዞታል። አንተ ወረቀቱን ቀደድክ፣ እሱ ከአእምሮው መልሶ ጻፈው። ስለዚህ እሱ ሳይነሣ ነው መግባት ያለብን።»

የቃል ትምህርት ያሳደገው ሰው እንደ መሆኔ ይህ ወዲያው ገባኝ። የኔታ ዳዊቱን በቃላቸው ይዘውታል፤ መጽሐፉን ብትደብቅባቸው ምን ሊጎድልባቸው።

«ከፍተህ አትግባ። ስምህ ላይ ሲቆም ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫን።»

ተጫንኩ። ስክሪኑ እንደ ነሐሴ ሌሊት ጠቆረ። ከላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ።

«አጠፋሁት!»

«አላጠፋህም። ከልብሱ ሥር ያለው ይኼው ነው፣ ሁሌም ነበረ። ስምህን ጻፍ፣ ከዚያ ፓስወርድህን።»

«ፓስወርዴን አይጽፍም።»

«ይጽፋል፣ አያሳይህም እንጂ።»

«ኮከብ እንኳ አያሳይም?»

«ኮከብም የለም። ጋሼ፣ ዝም ብለህ ጻፍና ኤንተር በል።»

ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአራተኛው ገባሁ። ፎልደሮቼን እንድዘረዝር ኤል እና ኤስ አስጻፈችኝ። በላቲን የተጻፉት ተነበቡ። በአማርኛ የሰየምኳቸው ግን፣ ድርሰቶቼ ያሉበት፣ ትርጉሞቼ ያሉበት፣ ሁሉም ሣጥን ሣጥን ሆነው ተደርድረዋል። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ሣጥን ሆኖ ሲታይ ልብ ቀጥ ይላል፤ የአስከሬን ሣጥን ነው የሚመስለው።

«ፊደሉ አልጠፋም» አለችኝ። «ጥቁሩ ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 የፊደል ቅርጽ በላይ አይዝም፤ አሁን የያዘው የፈረንጁን ነው። ውስጡ አማርኛው እንዳለ ነው።»

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየማሽኑ የራሱ ቁጥር አለው፣ ይታይ አይታይ ቁጥሩ አይጠፋም። በኋላ እንዳወቅኩት ለዚሁ ለጥቁሩ ስክሪን ተብሎ የተሠራ የግእዝ ፊደል ቅርጽም አለ፤ ስሙ «ጎሃ» ነው። ጨለማ ላይ ለሚነበብ ፊደል ጎሃ ብሎ ስም ያወጣው ሰው ማን ይሁን ማን፣ ቡና ልጋብዘው እፈልጋለሁ።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ።

«ጻፍ። ኤም። ቪ። ክፍተት። ቀጥሎ ያቺ እንደ ትል የተጠማዘዘችው።»

«የቷ ትል?»

«ከኪቦርዱ ግራ ጥግ ከላይ፣ ከአንድ ቁጥር ጎን፣ ሺፍት ይዘህ።»

«አገኘኋት። ክፍተት ላድርግ?»

«እንዳታደርግ!»

ጩኸቷ ባለቤቴን ከማድ ቤት አወጣት። ትሏ ለካ «ቤቴ» ማለት ናት። ከትሏ ጋር ተያይዞ የሚጻፈው ቤቴ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይጠቁማል። በመካከላቸው አንዲት ክፍተት ከገባች ግን ቤቴ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ ይሆናል፤ የተጻፈው ትእዛዝ ደግሞ ማጥፊያ ከሆነ ቤቱ ከነሙሉ ንብረቱ ይሄዳል፣ ጥያቄ የለ፣ እርግጠኛ ነህ የለ። «ለዚህ ነው ማጥፊያውን ያላስጻፍኩህ» አለችኝ። «ስሙን ብቻ ነው የምንቀይረው። አሮጌ እንበለው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያውቀውን ስም ያጣና አዲስ ይሠራል። የቀድሞው ግን ይቀመጣል።»

«ቀጥል። ስላሽ።»

«ወደየት የሚያጋድለው?»

«ወደ ፊት።»

«ፊቱ የቱ ጋ ነው?»

ዝም አለች። ባሕር ዳር ላይ አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። «ከጥያቄ ምልክት ጋር የሚኖረው፣ ጋሼ» አለችኝ በመጨረሻ። እግዜር ይስጣት፤ ለሰው አድራሻ እንዲህ ነው የሚነገር።

ነጥቡን፣ ኮንፊጉን፣ ሁለተኛውን ስላሽ፣ ሁለተኛይቱን ትል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየደገምኩ ጻፍኩ። አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩ፤ ኤንተር አልኩ። ማሽኗ ምንም አላለችም። ሊኑክስ ሲሳካለት አይናገርም፤ እንደ አባቴ ነው። ያን «አስቀምጥ» ብዬ ያስቀመጥኩትን ስሕተት የያዘችውን ፎልደርም፣ ካሽ ውስጥ የምትኖረውን፣ እንዲሁ ስሟን ቀየርናት። ከዚያ ሱዶን በላቲን ጻፍኩ፣ በዚህ ጊዜ ታወቀች፣ ማሽኗም ጠፍታ በራች።

ስገባ መስኮቶቹ ጠርዝ አላቸው! ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። ግን ቤቱ ቤቴ አይደለም። መደቡ ላይ አይጥ አለች። ከላይ አንድ ፓኔል፣ ከታች ሌላ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

«ጋሼ፣ መግቢያው ላይ የትኛውን መረጥክ?»

«ሁለት ስም ነበር፣ አጭሩን መረጥኩ።»

አጭሩ የኤክስኤፍሲኢ የራሱ ነበር፤ ሠሪዎቹ ሲያወጡት የነበረው መልክ። ረጅሙ ዙቡንቱ ነበር፤ የዙቡንቱ ሰዎች ያንኑ ወስደው እንደ ወደዱት ያለበሱት። እኔ የማውቀው ያንን ነው። አሁን ወጥቼ ረጅሙን ብመርጥ በቂ እንዳይመስላችሁ፤ አጭሩ ገብቶ አዲስ ፎልደር ስለሠራ፣ እሱንም እንደገና ስሙን መቀየር ነበረብኝ። ያው ጥቁሩ ስክሪን፣ ያው ትል። ይህን ጊዜ ግን ብቻዬን ጻፍኩት፤ ክፍተት አላስገባሁም።

ከመጀመሪያ ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ቃል «ዲፎልት» ነበር። ፕሮግራም ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች አንዳንዶቹ «ነባር» ይሉታል፣ አንዳንዶቹ «ነባሪ»። ነባር ስትል ነባር ነዋሪ ትዝ ይላል፣ ከመንደሩ ጋር የኖረ፣ ድሮ ማን የት ቤት እንደነበረ የሚያውቅ። የእኔ ማሽን ላይ ግን ሁለት ነባሮች ነበሩ፣ ሁለቱም ከእኔ በፊት የነበሩ፣ ሁለቱም እኔን የማያውቁኝ። ዙቡንቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን አነሰብኝ፤ ባለፉት ዓመታት ለዓይኔ ብዬ ጥቂት በጥቂት አሳድጌው ነበር። የአማርኛ መቀየሪያዬ ከፓኔሉ የለም። የምሠራበት ፎልደር አቋራጭ የለም። ወደነበረበት መልሱልኝ ስል የኖርኩት ለካ ወደ ፋብሪካው አልነበረም፤ ወደ ባለፈው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞን ደግሞ ማንም አላስቀመጠልኝም። ከረቡዕ ሌሊት በቀር ያስቀመጥኩት ነገር የለም።

ፊደሉን አሳደግኩ። መቀየሪያውን መለስኩ። ሁለተኛ ፓኔል አልጨመርኩም። «አሮጌ» ያልናቸው ፎልደሮች እስከ ዛሬ ነጥባቸውን ለብሰው እዚያው አሉ፤ አልከፍታቸውም፣ አልጥላቸውም፣ ልክ ቁምሣጥን ላይ እንዳለው የማይሠራ ሬዲዮ።

ሰዓቷስ? ሰዓቷ ለካ በጣም ቀላል ነበረች። ፓኔሉ ላይ ያለችውን ሰዓት ብቻ በቀኝ ተጭኖ፣ የማሽኗን ሰዓት ሳይነኩ፣ የሌላ አገር ሰዓት እንድታሳይ ማድረግ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ የሚቀር አገር ፈለግኩና ቦነስ አይረስን አገኘሁ። አዲስ አበባ በፈረንጅ 9:00 ሲሆን ቦነስ አይረስ 3:00 ነው፤ በእኛም 3 ሰዓት። ከዚያም የበለጠ የገረመኝ ቀኑ ነው። የፈረንጅ ቀን እኛ ተኝተን ሳለ፣ በእኩለ ሌሊት ይቀየራል፤ ቦነስ አይረስ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ግን እኛ ዘንድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥጓ ላይ ያለው ቀን የሚቀየረው እንደ አያቶቻችን ደንብ፣ ሲነጋ ነው። አርጀንቲናዎች ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ያን ሁሉ ሌሊት ያሳጣኝ ሥራ አንድ ደቂቃ!

ትናንት ጠዋት ስጽፍ ባለቤቴ ከማድ ቤት ጠራችኝ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

ቀና አልኩ። ጥጓን አየሁ። ምንም አልቀነስኩም፣ ምንም አልደመርኩም።

«2 ተኩል!» አልኳት ወዲያው።

ድስቱን ስትከድን ሰማሁ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች።

«ስድስቱን ቀንሰህ ነው ወይስ ሳትቀንስ?»